የስኒው እጀታ ወዴት ይዙር?

የሰፈራችን ካፌ ቡና የምታወጣውን ሴት በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እቴ ማሽን» ነው የሚላት። ከዚያ ማሽን ጀርባ ሃያ አንድ ዓመት ቆማለች። ማሽኑ በዚህ መሀል ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ እሷ ግን፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለች።

ሙያዋ ቡና ማውጣት ብቻ አይደለም። ልብስ ሰፊው ግራኝ ስለሆነ የስኒው እጀታ ወደ ግራ ዞሮ ይቀርብለታል። ጡረተኛው መምህር እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ኤስፕሬሷቸው በትልቅ ስኒ ይቀዳላቸዋል። የታክሲው ሾፌር ቆሞ ስለሚጠጣ በብርጭቆ ነው የሚሰጠው። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ሰው እያየች የተማረችው ነው።

አምና የካፌው ባለቤት አማች ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መጣ። የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ስለነበር ሰርተፍኬቱን በወርቃማ ፍሬም አስገብቶ ከማሽኑ በላይ ሰቀለው። ለእሱ ቦታ ሲባል የግድግዳው ሰዓት ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ኤስፕሬሶ በአሥራ አንድ ዓይነት አቀራረብ ይቀርባል።»

«ቡናው ግን ያው ነው?» አለች እቴ ማሽን።

«ቡናውማ ያው ነው።»

«እሺ፣ አለቃ።»

ዝርዝሩ በትልቁ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በሎሚ ልጣጭ አለ፣ በአይስክሬም ላይ የሚፈስ አለ፣ በማርማላታ ጠርሙስ የሚቀርብ አለ። አለቃው በጣም የሚኮራበት ግን «የተበታተነው» የሚባለው ነበር፤ ቡናው፣ ወተቱ፣ ስኳሩና አምቦ ውሃ የመሰለ ጋዝ ያለው ውሃ ለየብቻ በእንጨት ጣውላ ላይ ተደርድረው ይመጣሉ፤ ደንበኛው ራሱ ይቀላቅላል።

«እኔው የምሠራው ከሆነ ማሽኑንም አምጡልኛ!» አለ ሾፌሩ። መምህሩ በውሃው መነጽራቸውን አጠቡበትና አመሰገኑ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጣውላውን ለካው። «ለዚህች ቡና ይረዝማል፤ ይጠርልኝ» ብሎ መለሰው።

የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አንድ ሕግ በቀይ ተሰምሮበታል፦ የስኒ እጀታ ለማንኛውም ደንበኛ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይዞራል። ሐሙስ ለካፌው ቡና ከሚያቀርበው ድርጅት ፈታኝ እንደሚመጣ፣ ሕጉን የሳተ ሠራተኛም ወደ ዕቃ ማጠቢያ እንደሚዛወር ተነገረ። ማሽን ላይ የምትሠራው አንዲት ሴት ብቻ ስለሆነች «የሳተ ሠራተኛ» ማን እንደሆነ ሁሉም ገባው። እቴ ማሽን ሥራ ከብዷት አያውቅም፤ የማጠቢያው ክፍል ግን ፊቱ ግድግዳ ነው። ሰው የማታይበት ቦታ መቆም አስፈራት።

ሐሙስ ጠዋት ቁርስ ላይ ልጅዋ የሕጉን ወረቀት ይዛ ታስጠናት ጀመር።

«እማዬ፣ እጀታው ወዴት ነው?»

«ለማን?»

«ለማንም!»

«ማንም የሚባል ሰው እኛ ጋ መጥቶ አያውቅም።»

«እማዬ በናትሽ! ማጠቢያ ቤት ልትገቢ ነው እኮ!»

«ወደ ቀኝ። በቃ፣ ወደ ቀኝ።»

ፈታኙ መጣና መሀል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ገና ሳያዝዝ መጻፍ ጀመረ። ስክሪብቶው ከቀኝ እጁ አልወጣም፤ ለሚያየው ኑዛዜውን የሚጽፍ ይመስላል። አንገቱን ሳያቀና ተራ ኤስፕሬሶ አዘዘ። እቴ ማሽን በልቧ አማትባ አወጣችና፣ እጀታውን ወደ ቀኝ አድርጋ አቀረበችለት። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ሰውየው ቡናውን ለመጠጣት ስክሪብቶውን መጣል ይኖርበታል። ተመልሳ እጀታውን ወደ ግራ አዞረችው።

«እቴ! እጀታው!» አለ አለቃው በሹክሹክታ። ሹክሹክታው ውጭ ቆሞ የነበረውን ሾፌር ወደ በሩ ጠራው።

«አይቼዋለሁ፣ አለቃ።»

አለቃው ግን አላለፈውም። ቀረብ ብሎ፣ በሁለት ጣቱ ስኒውን ወደ ቀኝ አዞረና እጅ ነሥቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ፈታኙ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ ግራ እጁን ሲሰድ እጀታ አጣ፤ ትኩሱ የስኒው ሆድ ጣቱን ለበለበው። ኤስፕሬሶው እንዳለ ፈተናው ላይ ተደፋ።

«ማነው ይህን ያዞረው?» ብሎ ጮኸ።

አለቃው ወደ ሰርተፍኬቱ ቀና ብሎ ማየት ጀመረ።

«እሱ ነው ጌታዬ!» አለ ሾፌሩ፣ ፍሬሙን በጣቱ እያመለከተ። «ፍሬም ውስጥ ያለው!»

እቴ ማሽን ሳትስቅ ጠረጴዛውን ጠርጋ ሌላ ኤስፕሬሶ አመጣች፤ እጀታው ወደ ግራ። ፈታኙ በአዲስ ወረቀት ላይ እየጻፈ በግራው አንሥቶ ጠጣ። «ጥሩ ነው» አለ።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። እቴ ማሽን ባለችበት ትቀጥል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ተጨማሪ ሥልጠና ያስፈልገዋል ይላል። ያፍራል ብለን ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሙሽራ ለብሶ ሄደ፣ በሦስተኛው ቀንም ሁለተኛ ሰርተፍኬት ይዞ ተመለሰ። ይኸኛው የባሰ ትልቅ ስለነበር የሚሰቀልበት ቦታ ታጣ፤ የአሥራ አንዱ አቀራረብ ዝርዝር ተነሣለት። እግዚአብሔር ሥራው ብዙ ነው፤ በሰርተፍኬትም ያድናል።

በማግስቱ እቴ ማሽንን ማሽኑ አጠገብ አቁሞ ግማሽ ቀን አሠለጠናት። ትምህርቱ አንድ ነበር፦ የስኒ እጀታ እንደ ደንበኛው እጅ ይዞራል።

«ገባሽ?» አላት።

«እየገባኝ ነው፣ አለቃ» አለች፣ የልብስ ሰፊውን ስኒ ወደ ግራ እያዞረች።