ቁጥር የሌለው ደብዳቤ

ባለፈው ሰሞን ልጄ የሠርጓን ጥሪ ፖስታ ስታሽግ የሙጫው ሽታ መጣብኝና ሆዴ ባባ።

ወንድሜ ናዝሬት ፍርድ ቤት በጥብቅና መቆም ከጀመረ ዓመት ሳይሞላው ነበር ለውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን የዘመተው። የጎረቤታችን ልጅም አብሮት ነበር። ልጁ መጻፍ ስለማይችል ደብዳቤውን የሚጽፍለት ወንድሜ ነው። ጎረቤታችንም መሠረተ ትምህርት ሲጠሯቸው «ዓይኔ ደክሟል» ብለው የቀሩ ስለነበሩ፣ ደብዳቤው ሲመጣ እኛ ቤት ይዘውት ይመጡና እኔ አነብላቸዋለሁ።

ወንድሜ የልጁን ናፍቆት እንኳ እንደ ክስ ማመልከቻ ነበር የሚጽፈው። «1ኛ፣ ጤንነቴን በሚመለከት። 2ኛ፣ የላክሽልኝን ሹራብ በሚመለከት።»

«ልጄ ሊከሰኝ ነው እንዴ?» እያሉ ይስቃሉ ጎረቤታችን።

መጨረሻ ላይ «ጠበቃው ሰላም ብሏችኋል» የምትል መስመር አትጠፋም። ለእኛ የሚጽፈው አልፎ አልፎ ስለነበር፣ እናቴ ያቺን ለመስማት ሥራዋን ትታ ትቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ንፋሱ አቧራውን በመስኮት እያስገባ፣ ጎረቤታችን ፖስታ ይዘው መጡ። ስከፍተው የእጅ ጽሑፉ የሌላ ሰው ነበር። ፊደሉ የተንጋደደ፣ ቁጥር የሚባል የሌለው። እስከ ታች በዓይኔ ሮጥኩ፤ ስለ ወንድሜ አንድ ቃል የለም። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ልጁ ለምን ዝም እንዳለ ገባኝ።

እናቴ ከምትለቅመው ምስር ቀና ብላ ትጠብቀኛለች። ማንበብ ጀመርኩ። 1ኛ፣ 2ኛ የሚለውን ከራሴ ጨመርኩበት፤ ጎረቤታችንም እንደ ልማዳቸው ሳቁ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ወደ ፊቴ አስጠጋሁ።

«ጠበቃው ሰላም ብሏችኋል።»

«ተመስገን» አለች እናቴ፤ ወደ ምስሯ ተመለሰች። ጎረቤታችንም «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው አመስግነውኝ ሄዱ።

ሽማግሌዎቹ በማለዳ በራችንን ያንኳኩት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። ቤቱ በዋይታ ሲናጥ እኔ እንባ አጣሁ፤ ክረምቱን ሙሉ ሽንት ቤት እየገባሁ አልቅሼ ጨርሼው ነበር። ለቀስተኞቹ «ይቺ ልጅ ልቧ ድንጋይ ነው» ሲሉ ሰማሁ።

እናቴ እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። በጆሮዬ «ተያቸው» አለችኝ። «ያን ቀን ወረቀቱ እጅሽ ላይ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።»