ከሥዕሉ ላይ የጠፋው ቤት

ያን ሶፍትዌር ገና ከመጀመሪያው አልወደድኩትም። የምሠራው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባለች አንዲት የዲዛይን ቢሮ ነው። መሐንዲሶች በመስመር የነደፉትን ቤትና መንገድ ተቀብዬ፣ ተሠርቶ ያለቀ ፎቶ እንዲመስል በኮምፒውተር ቀለምና ብርሃን አለብሰዋለሁ፤ ሬንደር ማድረግ እንለዋለን። አለቃችን አንድ ቀን ገና በሙከራ ላይ ያለ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ለደንበኛ ሥራ አትጠቀሙበት ብለው የጻፉበትን አዲስ ሶፍትዌር ጫነብን። የድሮው ሲያቃስት የሚያድርበትን ሥራ ይሄኛው ምሳ በልተን ሳንመለስ ያወጣዋል። መብራት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ እውነቱን ልናገር።

ግን ዕቃ ይውጣል። ፈረስ ቤት ከተማ ላለ ደንበኛ በሠራነው ሆቴል ላይ መስኮት ጠፋ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዛፉ የለም፣ ጥላው ግን መሬት ላይ ተጋድሟል። ስህተት አለ አይል፣ አያስጠነቅቅ፤ ዝም ብሎ ይጥላል። እኔን የሚያስፈራኝ ዝምታው ነበር።

«ይሄ ነገር አንድ ቀን ጉድ ያደርገናል» ስለው አለቃዬ ይስቃል።

«ገና ቴስት ላይ ነዋ! ኖርማል ነው። ደግሞ አታካብጂ።»

አታካብጂ! ደሜ ፈላ። ግን ምን አደርጋለሁ፣ አለቃ ነው።

ከዚያ የቡሬው ሥራ መጣ። አንድ አማካሪ ድርጅት፣ ቡሬ ላይ የሚሰፋ መንገድ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ለነዋሪው ስብሰባ የሚሰቀል ትልቅ ሥዕል ፈለገ፤ የስብሰባው ቀን ደግሞ ደርሷል። መንገዱ የሚያልፈው በአባቴ ደጅ ነው። እማዬ ካረፈች ወዲህ አባዬ ብቻቸውን የሚኖሩባት፣ እኔም የተወለድኩባት ቤት ናት። በፕላኑ መሠረት አጥሩ ትንሽ ገባ ይላል እንጂ ቤቷ አትነካም፤ ይህን ከመሐንዲሱ አፍ ሰምቼ ነው የተቀመጥኩት።

ታዲያ የሌላውን ሰው ቤት እንደነገሩ ሳጥን ሳጥን አድርጌ ስደረድር፣ የአባዬን ግን ተንሰፍስፌ ሠራኋት። የበሩን ሰማያዊ፣ የቆርቆሮውን ዝገት፣ የግራዋውን ቅጠል ሳይቀር። ሥዕሉ ሲሰቀል ቆመው ሲያዩዋት እየታየኝ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። ጨርሼ ፋይሉን ለአለቃዬ አስረከብኩ። እሱ በዚያው ሶፍትዌር ሬንደር አድርጎ፣ ለእኔ ሳያሳይ፣ በቀጥታ ለደንበኛው ላከው።

ከስብሰባው በኋላ አባዬ ደወሉ።

«ሥዕልሽን አየነው ልጄ። መንገዱ አምሯል። ያንቺ ሥራ መሆኑንም ነገሩን።»

ቤታችንን እስኪያነሱ ጠበቅኩ። አላነሱም።

«ሥራ ሥራ ነው፤ ይገባኛል» አሉ ቀስ ብለው። «አይዞሽ። ክረምት ሳይገባ እኔም ቆርቆሮውን ላወርድ ነው።»

«እሰይ አባዬ! አርጅቷል እኮ፣ አዲስ ያልብሱት» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ኔትወርኩ ሄደ። የድምፃቸው ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረ። የአባዬን አነጋገር አውቀዋለሁ፤ ዋናውን ነገር ፊት ለፊት አይናገሩም፣ በጎን አስጠግተው ነው የሚያልፉት። መልሼ ብደውል፣ ብደውል፣ ስልኩ አይሠራም። በጸጥታው ምክንያት ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድም ሲዘጋ ሲከፈት የከረመበት ጊዜ ነበር፤ ተነስቶ መሄድ የለ።

አንድ ጠዋት አለቃዬ ለሌላ ደንበኛ ችሎታችንን ሊያሳይ የቡሬውን ሥዕል ስክሪኑ ላይ ከፈተው። ግራ ቀኙን ቃኘሁ። ጎረቤቶቻችን አሉ። በእነሱ መሐል፣ ቤታችን በነበረችበት ቦታ፣ ለስላሳ አረንጓዴ ሣር።

«ቤቱስ?» አልኩ።

«የቱ ቤት?» አለ። ኋላ ገባው። «እ... ሜሞሪ ሲያንሰው ከሁሉም የከበደውን ዕቃ ይጥላል አሉ። አንቺም ዝርዝር አበዛሽበታ። በሚቀጥለው አፕዴት ይስተካከላል።»

እሳት ይብላው አፕዴቱን! ስለሳሳሁላት ከበደች፣ ስለከበደች ተጣለች። በቁጭት እየተንገበገብኩ በድሮው ሶፍትዌር ደግሜ ሠራሁት፣ አሳተምኩት፣ መንገዱ በተከፈተ ዕለት ጠቅልዬ ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ልቤን ይበላኝ ነበር። በእኛ ሰፈር ቤቱ ይፈርሳል የተባለ ሰው ዶዘር አይጠብቅም። በፊት አንዴ መንገድ ሲወጣ የጠበቁት ሰዎች እንጨታቸው ከአፈር ጋር ተዝቆ ሄዶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሰው ቀድሞ በገዛ እጁ ያፈርሳል፤ ቆርቆሮው፣ ማገሩ፣ በሩ ይተርፋል። ቆርቆሮውን ላወርድ ነው ያሉኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

ደረስኩ። ቤቷ የለችም። ምሰሶው ከቆመበት ጉድጓድና ከምድጃችን ጥቁር አፈር በቀር ምንም የለም። አባዬ ጎረቤት ግቢ ውስጥ፣ ተከምሮ በታሰረው ማገር አጠገብ ተቀምጠዋል። ሰማያዊው በር አጥሩን ተደግፏል። ሮጬ ጉልበታቸውን ሳምኩና ሥዕሉን ዘረጋሁላቸው።

«አባዬ፣ ቤታችን አትነካም ነበር! ማሽኑ ነው የጣላት፤ እኔ አይደለሁም!»

ግራዋውን በጣታቸው ነኩት።

«እንዴት አድርገሽ ነው የሠራሻት» አሉ። «እኔ ደግሞ አዘውሽ፣ ለእኔ መናገሩ ከብዶሽ መስሎኝ። ብጠይቅሽ ትሸማቀቂያለሽ ብዬ ነው የተውኩት።»

«እንመልሳታለን አባዬ። ማገሩ አለ፣ ቆርቆሮው አለ...»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ትናንትና ለካሳ የሚመዘግቡት መጥተው ነበር። ባዶ ቦታ ነው፣ የቤት ካሳ የለውም ብለው ጻፉና ወደ መንገዱ ቀላቀሉት። ጎረቤቴ፣ እዚህ ቤት ነበር ብለህ ተከራከር ሲለኝ እምቢ አልኩት። ሥዕሉ ላይ ያለው ሣር ነው፤ ልጄ የሠራችውን በየትኛው አፌ ውሸት ነው ልበል?»