በአዴር ፋራህ ስም የሄደው ደም

ለንስሐ አባቴ ስንቱን ተናዝዣለሁ፤ ይህችን ግን ሁልጊዜ ይዣት ሄጄ ይዣት እመለሳለሁ። ሚስቴም አታውቃትም። አንባቢዬ ሆይ፣ የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ። ትፈርድብኛለህ፤ ግን አስቀድሜ ትንሽ ልኩራ።

ኩሩ ሰው ነኝ፣ አልደብቅህም። ከደሴ ጅጅጋ ተመድቤ ስመጣ ተራ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ስወጣ በየጤና ኬላው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የወባ መድኃኒት መመሪያ የጻፍኩ ሰው ነበርኩ። ተመራማሪዎች ስለ ዘረ-መል የሚጽፉትን፣ እርስ በርሳቸው እንኳ የማይግባቡበትን ነገር፣ የቀብሪበያ ነርስ በአንድ ንባብ እንድትረዳው አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጉበት ውስጥ የሚደበቀውን ወባ የሚነቅል ክኒን አለ። አንዳንድ ሰው ግን ሲወለድ የወረሰው የደም ጉድለት አለበት፤ ያንን ክኒን ሲውጥ ደሙ ይፈርሳል። ማን እንደሚችለውና ማን እንደማይችለው አስቀድሞ መለየት የዕድሜዬ ሥራ ሆነ። በዚህ የተረፈ ሰው ብዙ ነው።

ሚሌኒየሙ በተከበረ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለጥናቱ በየቤቱ እየዞርን ደም እንሰበስብ ነበር። ጣት ወግተን ጠብታዋን ስም በተጻፈበት ወረቀት ላይ እናደርቃለን፤ ወረቀቱ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ውጤቱ «ይችላል» ወይም «አይችልም» የሚል ካርድ ሆኖ ይመለሳል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከጎደለ ቤቱ በሙሉ ከጥናቱ ይወጣል። እኔ የዞርኩበት ቤት ጎድሎ አያውቅም። ሾፌራችን «ሙሉ ቤት» የሚል ስም አውጥቶልኝ ነበር፤ እያሾፈብኝ መሆኑ ቢገባኝም ደስ ይለኝ ነበር።

ቱሊ ጉሌድ ላይ አዴር ፋራህ እምቢ አሉ። አዴር በሶማሊኛ አጎቴ እንደ ማለት ነው፤ ግመል የሚነግዱ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸውና ልጆቻቸው ሰጥተው ጨርሰዋል። እሳቸው እጃቸውን ኩታቸው ሥር ከተቱና «ዋርያ፣ ይህ ደም ከአባቴ የተቀበልኩት ነው። የት እንደሚሄድ ካልነገርከኝ አልሰጥህም» አሉኝ።

ተገቢ ጥያቄ ነበር። ማስረዳቱ ሩብ ሰዓት ቢወስድብኝ ነው። ኋላ ለስንት ባለሥልጣን ያስረዳሁ ሰው ለእሳቸው ሩብ ሰዓት ነፈግኩ። ለምን? ጊዜ አጥቼ? አይደለም። በሰው ፊት እምቢ ስለተባልኩ ነው። ከመኪናው ጀርባ ሄጄ የራሴን ጣት ወጋሁ። የራሴን ደም በእሳቸው ስም ወረቀት ላይ አንጠባጠብኩ። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ማንም አላዘዘኝም።

ካርዶቹ ሲመለሱ የእሳቸውን ቀድጄ መጣል እችል ነበር። ቤቱ የጎደለ እንዳይመስል ብዬ ሁሉንም ለሚስታቸው ሰጠሁ። ማንበብ አይችሉም፤ ለቤቱ የሚሰጥ ወረቀት መስሏቸው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጡት። የአዴር ፋራህ ካርድ «ይችላል» ይላል። እኔማ እችላለሁ።

በሚቀጥለው ዝናብ አዴርን ወባ ያዛቸው። የኬላዋ ነርስ እንደተማረችው ካርድ ጠየቀች፤ ሚስታቸው ከቆርቆሮው አውጥተው ሰጧት፤ አየች፣ ክኒኑን ሰጠች። በሦስተኛው ቀን ሽንታቸው እንደ ኮካ ኮላ ጠቁሮ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ጅጅጋ አመጧቸው። የወንድሞቻቸው ልጆች ደም ሰጡና ለጥቂት ተረፉ። ሰው ሁሉ ስህተቱ የአዲስ አበባ ነው አለ። እኔም አዎ፣ የአዲስ አበባ ነው አልኩ።

ልጠይቃቸው ሆስፒታል ሄድኩ። የሄድኩት ልነግራቸው ነበር፤ ይህን እንኳ እመነኝ። እሳቸው ግን ቀደሙኝ። እጄን ይዘው «ያን ቀን በሰው ፊት አሳፈርኩህ። ይኸው አላህ ቀጣኝ። አፉ በለኝ» አሉኝ።

«አፉ ብያለሁ፣ አዴር» አልኳቸው።

ዓመታት አልፈው እዚያው ኬላ ላይ የሚሠራ ፈጣን መመርመሪያ ሲመጣልን መመሪያው ላይ አራተኛውን አንቀጽ ጻፍኩ፤ ካርዱ ምንም ቢል፣ ክኒኑ ከመሰጠቱ በፊት በሽተኛው እንደገና ይመርመር። በስብሰባው ተጨበጨበልኝ፤ አርቆ አሳቢ ተባልኩ። ከሐርተሼክ የመጣች ነርስ፣ የወንድሙን ካርድ ይዞ የመጣ አንድ ጎልማሳ በዚያች አንቀጽ እንደተረፈ ስትነግረኝ ቤቴ ገብቼ በደስታ አለቀስኩ። ዛሬም እኮራባታለሁ። ከየት እንደመጣች ግን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔው ግን ስንት ጊዜ ነግቶ አልጠራም። ብዙ ሰው አድኛለሁ ብዬ አላመካኝም፤ የዳኑት ስለ ዳኑ አዴር ፋራህ ክኒኑን አልዋጡም ማለት አይደለም።

አዴር ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረው በእርጅና ሞቱ። ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ቆመው ሰላም ይሉኝ ነበር፤ አፉ ያልኳቸው ሰው ነኝና። ይቅርታዬን ይዘው ሄዱ። እኔ የእሳቸውን አልጠየቅኩም።