ስም የሌለው ሰላምታ

እህቴ ከሞተች በኋላ የጥልፍ ቤቱን የምከፍተው እኔ ሆንኩ። ቤቱ ቦሌ ቡልቡላ፣ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር ነው። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት፣ የጥልፍ ንድፍ የምናወጣበት ፕሮግራም «እንደምን አደርሽ» ይልና የእህቴን ስም ያስከትላል። ፕሮግራሙን የሠራላት ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ የሶፍትዌር ድርጅት የሚሠራ ጎረቤታችን ነው፤ ሰላምታውን የጨመረው ሊያስቃት ብሎ ነበር። እኔ ስሟ እዚያ ብቅ እስኪል ድረስ ክር አልነካም።

አርባዋ እንደወጣ ልብሷን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠን። በዚያው ሰሞን እናቴ ወደ ሱቁ ወርዳ ስሟን ስክሪኑ ላይ አየች። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ወንድሜ ይህን ማየት አልቻለም። ኮምፒውተሩ ውስጥ በእህቴ ስም የተቀመጠ ፎልደር ፈልጎ አገኘና አጠፋው።

በማግስቱ ፕሮግራሙ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ደግሜ ከፈትኩት፤ ያው ነው። ሰው ማስቸገር አፍራለሁ፣ ግን የጎረቤታችንን በር አንኳኳሁ።

«ፎልደሩን ማን ነካው?» አለ ወርዶ ኮምፒውተሩን ገና ሲያየው።

«እኔ ነኝ» አለ ወንድሜ። «የሟች ዕቃ ቤት ውስጥ አይከማችም።»

«አንተ ደግሞ፣ ሸሚዝ መሰለህ እንዴ? የተሰረዘ ፋይል የሚገባበት ቅርጫትም ውስጥ የለም እኮ!»

«እሱንም ደፋሁት። ካጸዱ አይቀር።»

ንድፎቹ ሌላ ቦታ ስለነበሩ ተርፈዋል። የጠፉት ስሟና የመረጠቻቸው ቀለሞች ናቸው። ጎረቤታችን እንዳስረዳኝ፣ ፕሮግራሙ ሲነሣ መጀመሪያ ያንን ፎልደር ይፈልጋል፤ ሲያጣው ምን እንደሚያደርግ ግን እሱ ራሱ አልጻፈለትም።

«ሁልጊዜ ይኖራል ብዬ ነው የጻፍኩት» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

ፎልደሩ ከሌለ ፕሮግራሙ ራሱ አዲስ እንዲፈጥር አድርጎ አስተካከለው። ተከፈተና ስም ጠየቀ።

«የሷን ላስገባው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ፈለግሁ። በጣም ፈለግሁ። ግን እናቴ እንደገና ወለሉ ላይ ስትቀመጥ ታየችኝ። የራሴን ልጽፍ ስል ደግሞ እጄ እምቢ አለ።

«ያለ ስም አይሆንም?»

«ይሆናል» አለና ቦታውን ባዶ ተወው።

በነጋታው እናቴ አብራኝ ወረደች። ስክሪኑ በራ። «እንደምን አደርሽ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ቀረብ አለችና እያየችው ቆየች።

«ማንን ነው የሚለው?» አለችኝ።

መልሴን አልጠበቀችም። ወንበሩን ከኮምፒውተሩ ፊት ሳብ አደረገችው፤ የሚቀመጥ ሰው ሲመጣ እንደምናደርገው።

ያን ቀን ወንበሩን ባዶ ትቼ ቆሜ ስሠራ ዋልኩ።