ለማደጊያ የተተወ እጥፋት

የልጅ ቀሚስ የሚሰፋ ሰው ከጫፉ አራት ጣት ያህል ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ይሰፋል። ልጅ ከልብሱ ቀድሞ ያድጋል። ከዓመት በኋላ ስፌቱ ይተረተርና እጥፋቱ ሲለቀቅ ያ ያጠረው ቀሚስ እንደገና ልክ ይሆናል። ቀላል ብልሃት ነው፤ ግን ቆም ብለው ሲያስቡት እንዴት ያስደንቃል! ልብስ ሰፊ ገና ያልመጣውን ዓመት ጨርቅ ውስጥ አጥፎ ያስቀምጣል ማለት ነው።

በአንድ ሠፈር አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ይህን እጥፋት እንደ እርሷ አሳምሮ የሚሰፋ አልነበረም። ሱቋ ጠባብ ናት፤ መስኮቱ ሥር አንድ የስፌት መኪና፣ መሃል የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከጥግ የመተኮሻ ሰሌዳ። የጎረቤት ልጆች ሁሉ የእርሷን እጥፋት እያስፈቱ ነው ያደጉት። እጥፋት የሌለው ቀሚስ የምትለብስ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እቤቷ የምታሳድጋት ቁልፌ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የቁልፌ ቀሚስ ሲያጥር ሌላ ይሰፋላታል። እጥፋት የሚያስፈልገው ልብስ ሰፊው አጠገቡ ለማይኖር ልጅ ነው።

ቁልፌ ዋና ስሟ አይደለም። የልብስ ቁልፍ የሞላበትን ቆርቆሮ እያንኳኳች ስላደገች ልብስ ተኳሹ ያወጣላት ቅጽል ነው። ልብስ ተኳሹ ደግሞ የተሰፋውን በካውያ የሚያሳምር፣ አፉ ከካውያው የሚብስ የሥራ ባልደረባዋ ነው።

ልጅቷ እንዴት እንደመጣች ከመነሻው እንይ። እናቷ ከሱቁ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ወጣት ነበረች። ሳምባዋን ታማ ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ስትገባ የስምንት ወር ልጇን ለልብስ ሰፊዋ አስታቀፈቻትና፣ «እትዬ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ» አለቻት። ሁለቱ ሳምንት አምስት ዓመት ሆነ። ሕመሙ ሲሻላት መልሶ እየጣላት ቆየ፤ በኋላም ወሬዋ ጠፋ። ከዚያ አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። «ድኛለሁ። የሆቴል አንሶላ አጣቢ ሆኜ ተቀጥሬአለሁ። ልጄን ስጪኝ ለማለት ፊት የለኝም፤ አንዴ ባያት ይበቃኛል» ይላል።

ልብ በሉ፤ ማንም ልጅቷን መልሺ አላላትም። ልብስ ሰፊዋም ተንበርክካ የጸለየችው አሳይታ በሰላም ይዛት እንድትመለስ ነበር። ታዲያ ከእርሷ የሚፈለገው ሌላ መሆኑን በምን አወቀች? ብዙ ሰው ድምፅ ወይም ሕልም ይጠብቃል። እርሷ አንዱም አልመጣላትም። «ልጸልይ ስል ቃሌ ሁሉ ይጠፋል» ትላለች፤ «‹መልሺያት› የሚለው ብቻ ይቀራል። ከራሴ ነው እንዳልል፣ ከራሴ ቢሆን ‹ያዣት› ነበር የሚለኝ።»

ሦስት ሳምንት ሰበብ ፈለገች። መጀመሪያ ዝናብ ነው አለች፤ ቀጥሎ ልጅቷ ጥርስ እየነቀለች ነው አለች። ከዚያ ሰበቡ አለቀባት።

«ምን ሆነሻል?» አላት ልብስ ተኳሹ፤ «እጅጌውን አንገት ላይ የሰፋሽ ትመስያለሽ።»

«መልሺያት እያለኝ ነው።»

«ማነው እሱ?»

በጣቷ ወደ ላይ አሳየችው። ካውያውን አቁሞ ጣሪያውን አየ።

«ቁጥር ተሳስቶ ይሆናላ!»

«አንተ፣ አትቀልድ።»

«እየቀለድኩ አይደለም» አለ፤ እውነትም ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። «እኔስ? ጢሜን ማን ሊጎትትልኝ ነው?»

በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ዓይነት ጨርቅ ዘረጋች። ልጅቷን ለካች፤ በጠመኔ አሰመረች። ጫፉ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ቆይታ፣ ከመስመሩ በታች አራት ጣት ሳይሆን ስምንት ጣት ጨምራ ቆረጠች። እጥፋቱ ሁለት ድርብ ሆነ።

«እቴቴ፣ ይሄ ለምን ወፈረ?» አለች ቁልፌ እየለካች።

«ማደጊያሽ ነው።»

«ሌላ አትሰፊልኝም እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ነበርና ላለመመለስ ምክንያት አገኘች። ቀሚሶቹ ካለቁ በኋላ ግን አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ የጠየቀችው አውቶቡሱ መስኮት እንዳለው ብቻ ነበር።

መናኸሪያው ላይ፣ «ነይ ውሰጂያት» ተብላ የመጣችው እናት ልጇን ለማቀፍ ፈርታ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳውን ከፍታ እጥፋቱን አሳየቻት። «በመቀስ እንዳትነኪው፤ በመርፌ ክሩን አንድ በአንድ ምዘዢ» አለቻት። ቁልፌ አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ስለተቀመጠች ደስ ብሏት ነበር። እያለቀሰች ብትሄድ ይሻል ነበር።

በስምንተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ስልክ ተደወለ።

«እቴቴ፣ በቃኝ። ነይ ውሰጂኝ።»

ቀጥሎ የእናትየዋ ድምፅ መጣ፤ ታለቅሳለች። «እትዬ፣ አልወደደችኝም። አጠገቧ ስተኛ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። በየቀኑ! ልመልስልሽ?»

ልብስ ተኳሹ ሰምቶ ካውያውን ጣለና በሁለት እጁ «እሺ በያት» እያለ ተወራጨ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። በዚያች ሰዓት «መልሺያት» የሚል ነገር አልመጣላትም፤ ምንም አልመጣላትም። መታዘዝ ያለባት ግን ቀድሞ የመጣላትን ቃል ነበር።

«አትመልሻት» አለች። «ጀርባዋን የምትሰጥሽ እንድታኪላት ነው። ከትከሻዋ ዝቅ ብለሽ፣ በቀስታ። ለእኔም እንደዚያው ነበር የምታደርገው። ትንሽ ስታኪላት እንቅልፍ ይወስዳታል።»

ስልኩን አስቀመጠች። ልብስ ተኳሹ ከሰሌዳው ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ስታዘዝ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር» አለችው።

«ይመጣል።»

«እስቲ።»

ቁልፌ ከዚያ ወዲያ ነይ ውሰጂኝ ብላ አልደወለችም።