በግራ ያለፈችው ወፍ

እኔ ልጅ ሳለሁ ከጥርባ ሐይቅ ወዲያ ባለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረች። ጀርባዋና ክንፏ በርበሬ የመሰለ ቀይ፣ ጭራዋ ጥቁር። ድምጿ ቀጭን ነው፤ ጆሮ ካልሰጧት አትሰማም። ከቁጥቋጦ ሥር ፍሬ ለቅማ ሽው ስትል እኛ ልጆች በደስታ እንጮህ ነበር። ትላልቆቹ ግን እንደኛ አያዩዋትም። መንገደኛን በቀኙ ካለፈችው መልካም ገድ ነው፤ በግራው ካለፈችው ለሠርግም ይሁን ለገበያ፣ ጉዞው ይቀራል።

የክረምቱ ጭቃ ገና ሳይደርቅ ታናሽ እህቴን ጥሩዬን ውጋት ያዛት። ትንፋሿ እንደ ወናፍ ይሰማ ነበር፤ ገላዋ ይፋጃል። እናቴ ጎኗን በቅቤ አሸች፣ ጠበል አጠጣች፤ አልሆነም። ዳንግላ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር አለ ሲባል አባቴ በማለዳ ፈረሱን ጫነና ጥሩዬን በጋቢ ጠቅልሎ ከፊቱ አስቀመጣት። እናቴና እኔ እስከ ደኑ ጫፍ ልንሸኛቸው ተከተልን።

ደኑ አጠገብ ስንደርስ ያቺ ቀይ ወፍ ከቁጥቋጦው ወጥታ በአባቴ ግራ በኩል አለፈች። አባቴ ልጓሙን ሳበ።

«ምነው ቆሙ?» አለች እናቴ፣ አይታ እንዳላየች።

«አላየሽም እንዴ?»

«ኧረ በማርያም! ልጄ እየሞተችብኝ ነው፣ ይሂዱልኝ!»

«መንገድ ላይ ብትሞትብኝስ? ከመሞት መሰንበት ይሻላል፤ ነገ እንሄዳለን» አለና ፈረሱን አዞረ።

አባቴ ጨካኝ አልነበረም። እንዲያውም ከሁላችን አብልጦ ጥሩዬን ይወድ ነበር፤ የፈራውም ለዚህ ነው።

ጥሩዬ የዚያኑ ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች። ለቀስተኛው «ወፏ ነግራህ ነበር፤ እንኳን መንገድ ላይ አልሆነብህ» እያለ አባቴን አጽናና። እናቴ ብቻ፣ ድምጿ ከለቅሶ ብዛት ተዘግቶ፣ «ወፏማ ወደ ፍሬዋ ነበር የምትሄደው» አለች። ከዚያ ወዲያ አባቴ ባለበት የጥሩዬን ስም አንስታ አታውቅም። እሱም እስኪሞት ድረስ «መመለሴ ልክ ነበር» እያለ ኖረ። ምን ያድርግ፣ ልክ አልነበረም ማለትን እንዴት ይቻለው?

ዛሬ ያ ደን ተመናምኗል፤ ዙሪያው ባሕር ዛፍና የከሰል ጉድጓድ ነው፤ ወፏንም ካየኋት ዘመን ሆነኝ። አምና የልጅ ልጄ ትንፋሽ አጥሯት ገላዋ ቢፋጅ በባጃጅ እንጅባራ አደረስናት። ሐኪሙ «የሳንባ ምች ነው» ብሎ መርፌ አስወጋት፤ ብዙም ሳይቆይ ተሽሏት ቆሎ ካልሰጣችሁኝ ብላ አስቸገረችን። ቤቱ ሁሉ ደስ አለው፣ እኔም እልል አልኩ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞር ብዬ፣ የጥሩዬ ሬሳ ዛሬ እንደወጣ ሁሉ፣ አለቀስኩ። ለካ ውጋቱ የሚድን ነበር።