ዝም ያለው ኩሽኔታ

ጋራዡ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» ነው። ስሙ የወጣለት ጆሮው ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ያንን ለሚያህል ራስ ሲያንስ ነው። መኪና ገና በበሩ ብቅ ሲል፣ እሱ የሻይ ብርጭቆውን እንኳ ሳያስቀምጥ «የኋላ ግራ ጎማ፣ የውስጠኛው ኩሽኔታ» ይላል። ሲፈቱት እውነትም እሱ ሆኖ ይገኛል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ረጅሙን ካቻቢቴ ይዞ ጫፉን ከሚሽከረከረው ነገር አጠገብ ካለው ብረት ላይ ይተክላል፣ እጀታውን ከጆሮው ፊት ካለው አጥንት ላይ ይደግፍና ዓይኑን ይጨፍናል። ያኔ መዶሻ ያነሳም መዶሻውን ቀስ ብሎ ያወርዳል። ካቻቢቴው ካፏጨ ወይም ካንሾካሾከ ኩሽኔታው፣ ያ ጎማው የሚዞርበት የብረት ቀለበት፣ ተበልቷል ማለት ነው፣ ይቀየራል። ዝም ካለ ግን ታጥቦ፣ ግራሶ ተቀብቶ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ችግሩ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሁሉም ዝም ማለታቸው ነው።

መጀመሪያ የጠፋው ቀጫጭኑ ድምፅ ነበር። የሞተር ጉርምርምታ እስካሁን እንደ ልብ ይሰማዋል። ፉጨት፣ ደወል፣ የሴቶች ድምፅ ግን አንድ በአንድ እየሸሸው ሄደ፤ በተለይ በግራ በኩል። ያን ሁሉ ዘመን የብረት መቁረጫ ሲጮህበት የዋለ ጆሮ ቢደክም አይፈረድበትም። ግን ይህን ለማን ይናገር? ሰው ወገቡን ቢያመው ወገቤን ይላል። ጆሮ ተብሎ የሚጠራ ሰው፣ ጆሮዬ ደከመ ብሎ በማን ፊት ይቆማል?

ስለዚህ ዘዴ አበጀ። ሰው ሲስቅ አብሮ ይስቃል፣ ሰው ሲያዝን ከንፈሩን ይመጥጣል። ዘዴው ሁልጊዜ አይሠራም። አንድ የሥራ ባልደረባው አማቱ እንዳረፈች ሲነግረው «ደግ አደረግህ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሰውየው እስካሁን ነገሩን ያሰላስላል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሚስቱ ከወጥ ቤት ትጣራለች፣ እሱ አይመልስም። አኮረፈ ብላ እሷም አኮረፈች። እሱ በበኩሉ ለምን እንደተኮረፈ ሳይገባው፣ ከማን አንሼ ብሎ አኮረፈ። ይኸው ሦስት ወር ሆናቸው። የሚያሳዝነው፣ ሁለቱም ይቅር ለመባባል ልባቸው ዝግጁ ነው፤ ስለ ምን እንደሆነ ብቻ አያውቁም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሴት ልጁ ስኬትቦርዷን፣ ያቺን ባለ አራት ጎማ መንሸራተቻ ሳንቃ፣ ታቅፋ በረንዳው ላይ ወዳለችው የሥራ ጠረጴዛው መጣች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሌላ ልጅ የለውም። በማግስቱ ከውሃ ማጠራቀሚያው ሥር ባለው አዲስ አስፋልት ከጓደኞቿ ጋር ቁልቁል ልትወርድ ነው። መንገዱ ለመኪና ገና አልተከፈተም፣ እሱ ጥሩ ነው። ግን ቁልቁለቱ ቀልድ አያውቅም። ታች ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ከመታጠፊያው ማዶ ያለው የድንጋይ አጥር ነው። እዚያ ላይ አንዷ ጎማ ቀጥ ብትል፣ ልጅቷ ከሳንቃው ቀድማ አጥሩ ጋ ትደርሳለች።

ሳንቃውን ገልብጣ አስቀመጠችውና በቀኙ በኩል ቆመች።

«አባዬ፣ እስቲ ስማልኝ። ልጠባቸው ወይስ ልቀይራቸው? ጓደኛዬ ስምንት አዳዲስ ኩሽኔታ ሰጥታኛለች፣ ይኸው። ግን አንተ ሳትሰማ አልነካቸውም።»

አራት ጎማ ነው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታ። ካቻቢቴውን አነሳ። የመጀመሪያውን ጎማ አሽከርክሮ ዓይኑን ጨፈነ። ዝም። ሁለተኛውን፣ ዝም። ሦስተኛውና አራተኛውም ትንፍሽ አላሉም።

«ደህና ናቸው» አለ። «ትንሽ አቧራ ገብቶባቸው ይሆናል። በቤንዚን አጥበን ዘይት ጠብ ጠብ ካደረግንባቸው ይበቃቸዋል።»

«ተመስገን!» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች። ክርኗ ላይ ገና ያልጠፋ ሰፊ ጠባሳ አለ። «ወድቄ ይኼን ባገኘሁ ቀን እኮ ልጆቹ ሁሉ ኩሽኔታው ነው የያዘሽ ብለውኝ ነበር። ‹በፍጹም፣ አባቴ ሰምቶታል፣ የራሴ እግር ነው› አልኳቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እግሬን ሳስተካክል ከረምኩ።» ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ያን ቀን ደሟን እየጠረገ «እግርሽን የት ጥለሽው ነው?» ብሎ የተቆጣት እሱ ነበር። እንዲህ ያፈረበትን ቀን አያስታውስም፤ ከሀፍረቱ ደግሞ ፍርሃቱ ባሰ።

መውጫ ግን ነበረው። አዲሶቹ ኩሽኔታዎች ከነካርቶናቸው ጠረጴዛው ላይ ናቸው። «ለማንኛውም እንቀይራቸው» ቢል አንድም ሰው አይጠረጥርም፣ ልጅቷም በደህና ትወርዳለች፣ ስሙም እንደተከበረ ይኖራል። እጁን እስከ ካርቶኑ ድረስ ዘረጋ። ልጅቷ ግን ያንን እግሯን እያየች ቁርጭምጭሚቷን ወደ ውስጥ ወደ ውጪ ታጥፋለች፤ ምንም ያላጠፋችውን እግር ታርማለች። እጁን መለሰ።

«እሙዬ፣ እግርሽ አልነበረም።»

«እንዴት?»

«እኔ ነኝ። ያኔም አልሰማሁትም፣ አሁንም አልሰማሁትም። የሚጮኸውም ዝም ያለውም ለኔ አንድ ሆኗል። ዓመት አለፈኝ።»

ልጅቷ ክርኗን በእጇ ሸፈነች። ለካ ሚስቱም የበረንዳው በር ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል።

«ቆይ፣ ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ አኩርፈህ አልነበረም?» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«ያኮረፍሽው አንቺ ነሽ እንጂ!»

ሚስቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ትስቅ ታለቅስ አልለየላትም።

ካቻቢቴውን ለልጁ ሰጣት። እጀታውን ከየትኛው አጥንት ላይ እንደምትደግፍ በጣቱ አሳያት፣ ጎማዎቹን ራሱ እያሽከረከረ ፊቷን ተመለከተ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ፊቷ ተኮማተረ።

«አሸዋ የሚያኝክ ነገር አለ።»

ፈታው። ሁለቱን ኩሽኔታዎች አውጥቶ ጥቁሩ እስኪለቅ በቤንዚን አጠባቸው፣ አደረቃቸው፣ ትንሹ ጣቱ ላይ አጥልቆ ቀስ ብሎ አዞራቸው። አንደኛው እንደ ቅቤ ዞረ። ሌላው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቱን ቆንጠጥ አደረገው። ክዳኑን በመርፌ አንስቶ ለብርሃን ገለጠው። ትንንሾቹ የብረት ብዮች የሚንከባለሉበት ቦይ ተቦርቡሯል።

«አየሽ፣ ቆሻሻ ቢሆን ይሄኔ ለቆ ነበር። ይኼ ግን ብረቱ ራሱ ነው የተበላው። መቶ ጊዜ ቢታጠብም ይይዝሻል።»

አራተኛው ጎማ ውስጥም እንደዚሁ ያለ አንድ አገኙ። ሁለት ከተበሉ የቀሩትም ሩቅ አይደሉም ብለው ስምንቱንም ቀየሩ። እሱ ያስገባል፣ እሷ ዳዶውን ታጠብቃለች። መሀል ላይ ሥራውን ሳያቋርጥ ተናገረ።

«ሰኞ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ። ካምና ጀምሮ በኔ ጆሮ ያለፈ መኪና ሁሉ ተጠርቶ ይፈተሽ። ስንት ሰው ቤተሰቡን አሳፍሮ ይነዳዋል። ከዚያ ወዲያ ያው፣ ወይ ያቆዩኛል ወይ ያሰናብቱኛል።»

ልጅቷ መልስ የሰጠች ይመስላል። አቀርቅራ የመጨረሻውን ዳዶ እያጠበቀች ስለነበር ከንፈሯ አልታየውም፤ የተንቀሳቀሰውን አገጯን ብቻ አየ። እንደ ልማዱ ራሱን ነቅንቆ ፈገግ ሊል ጀመረና ተወው።

«አልሰማሁሽም እሙዬ» አለ። «ምን አልሽኝ?»

ቀና ብላ አየችው።

«አይዞህ ነው ያልኩህ!» ብላ ጮኸች።